ለካድሬው የጠረብናት የዋንዛ ሩር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ለተተኪዬ ያስረከብኩት ዕቃ በአንድ ጋሪ ተጭኖ አለቀ። የብረት መዳመጫው፣ የኖራ በርሜሉ፣ የተቀዳደደ መረብ፣ አካፋ፣ ወስፌና የሰም ቁራጭ። ተተኪዬ ደሴ ተምሮ የመጣ ጨዋ ሰው ነው። ወስፌዋን አገላብጦ አየና «አባባ፣ ይቺ ለምንድን ናት?» አለኝ።

«ኳስ መስፊያ ናት።»

«አሁንማ ኳስ ሲቀደድ ይጣላል እንጂ ማን ይሰፋል?» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ክፋት የለበትም። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ግን እጄ ሥራ ፈታ፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ መጣብኝ። ልጆቼ «ያየኸውን ጻፈው» ሲሉኝ ኖረዋል። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አፉ በሉኝ።

መጀመሪያ በወረኢሉ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ መካነ ሰላም ላይ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት በተላላኪነት ቀጠረኝ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን ይመጣል። ደብዳቤ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስባዝን ያየኝ አንድ የስፖርት መምህር ነበር፤ የመጀመሪያው አለቃዬ ማለት ነው። «አንተ ሰውዬ እግርህ አይደክምም፤ ና ሜዳውን ያዝልኝ» አለኝና በዚያው የሜዳ ሠራተኛ ሆኜ ቀረሁ።

ሜዳ መያዝ ለሚያየው ቀላል ነው። ከብት እንዳይገባ መከልከል፣ ጉድጓድ መድፈን፣ መስመሩን በኖራ፣ ኖራ ሲጠፋም በአመድ ማስመር። የግቡን ባሕር ዛፍ ምስጥ እንዳይበላው ሥሩን በእሳት ለብልቦ መትከል። ሰልፍ ሲኖር ሜዳውን ለሰልፍ፣ ኳስ ሲኖር ለኳስ፣ ስብሰባ ሲኖር ለስብሰባ ማሰናዳት። መምህሩ ደግ ነበር፤ ብዙ አልቆየም። ተቀየረ ተባልን። ወዴት እንደተቀየረ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው አይጠየቅም። ከሱ በኋላ አለቆች መጡ ሄዱ፤ አንዳንዶቹን ስማቸውን እንኳ ሳልለምደው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አለቆቹ አይደሉም፤ አያ ይመር ናቸው። አያ ይመር ከገበያው በታች የሚኖሩ ቆዳ ሰፊና እንጨት ጠራቢ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ የተቀደደ ኳስ ሲኖረው እሳቸው ዘንድ ይልክ ነበርና ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነኝ። አንድ ቀን «ልጄ፣ ከምትመላለስ ቁጭ ብለህ እየው» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ጅማቱን በሰም እያሹ፣ ወስፌውን ከውስጥ ወደ ውጭ እያወጡ፣ ስፌቱ ከኳሱ ፊት እንዳይነሣ በጥርሳቸው እየነከሱ ሲያስገቡት አየሁ። በውስጡ የሚገባውን የጎማ ከመነዳሪ በውኃ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋሉ፤ እኔ አላየሁም ስል እሳቸው በጉንጫቸው ዳብሰው ያገኙታል።

ዋናው ሙያቸው ግን የገና ጨዋታ ነው። እስላም ናቸው፤ ቢሆንም የገናን ዱላና ሩር እንደሳቸው የሚሠራ ሰው በአውራጃችን በቦረና አልነበረም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይገርመዋል፤ እኛን አይገርመንም። ሩር ማለት በቆልማማ ዱላ የምትለጋዋ ድብልብል እንጨት ናት። አያ ይመር ከወይራ ጉጥ ነው የሚያወጧት። ጉጡን እርጥቡን ቆርጠው፣ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ አመድ ውስጥ ቀብረው ያከርሙታል። ሊጠርቡ ሲሉ «ቢስሚላሂ» ይሉና እንጨቱን ያሸቱታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ፤ ድምፁ ካላማራቸው ማገዶ ነው። ጠርበው ሲጨርሱ ሞራ ያጠጧታል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያንከባልሏታል። ወደ ጎን ካዘመመች ገና አላለቀችም ማለት ነው። ቀጥ ብላ ስትሄድ «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ዱላ ደግሞ በሌለ ሰው ስም አይሠሩም። «ሰውዬው ይምጣና ክንዱን ልየው» ነው የሚሉት። ያዘዘው ሹምም ቢሆን ራሱ መጥቶ ክንዱን ያስጨብጣል።

የጨዋታውን ወግ ለማያውቅ ልንገር፤ ያለዚያ የምለው አይገባም። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለን እንከፈላለን። ላይ ቤት በቤተ ክርስቲያኑ ወገን የሚኖረው፣ ታች ቤት በገበያው ወገን የሚኖረው ነው። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። ሹምም፣ ዳኛም፣ ቄስም አይተርፍ። ከተሰደበው ሰው የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፤ መሳቅ። ከሳቀ ነገሩ እዚያው ሜዳው ላይ አለቀ፤ ጠላ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለእስላሙ የማያሰክረው ቀሪቦ ይቀርባል፣ ይመረቃል፣ ሁሉም ወደየቤቱ። ካልሳቀና ከተቆጣ ደግሞ ተሳዳቢው እዚያው እግሩ ላይ ወድቆ «አፉ በለኝ» ይላል፤ ሰው ሁሉ አብሮ ይለምናል፤ አፉ ይባላል። በዚያ ቀን በተናገረው ቃል በማግሥቱ የተጠየቀ ሰው ሰምተን አናውቅም። አያ ይመር ለሁለቱም ወገን ስለሚሠሩ የማንም ወገን አልነበሩም፤ ያሸነፈው ወገን የሚሳደበው ግን በሳቸው አፍ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ዓመት ልግባ። ክረምቱ የከዳበት ዓመት ነው። ከቆላው ወገን ሰው እየፈለሰ ወደ ከተማ ወጣ፤ ማረፊያ ሲያጣ ሜዳዬ ላይ ተኛ። እህል ይመጣል ተብሎ ስብሰባ ይጠራል፤ ሰዉ ያጨበጭባል፤ ይበተናል፤ እንደገና ይጠራል። መስከረም ላይ የአብዮት በዓል ደረሰና ሜዳውን ለሰልፈኛ አስምር ተባልኩ። ሰዉን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አዛወሩት። አንዲት ሴት ግን መነሣት አቅቷት ቀርታ ነበር። አጠገቧ ደርሼ ቆምኩ።

«እትዬ፣ መስመሩ በዚህ ያልፋል» አልኳት።

«ወንድሜ፣ በላዬ አስምርና እለፍ» አለችኝ። መስመሩን አዙሬባት አለፍኩ። በበዓሉ ዕለት ሰልፈኛው እዚያ ሲደርስ መስመሩን ተከትሎ ጎበጥ ብሎ አለፈ።

ኅዳር ላይ የእግር ኳስ ውድድር ተባለ። ኳሱን ሰፋሁ፤ መረቡን ጠገንኩ፤ ተጫዋች ግን አልነበረም። ግማሹ ለውትድርና ተወስዷል፤ ግማሹ እንዳይወሰድ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዷል። የጤና ጣቢያው ዘበኛ በረኛ ሆኖ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆመ። «ኧረ ካፖርቱን አውልቅ!» ሲሉት «ውስጡ ምንም የለም!» ብሎ መለሰ። የዚያን ቀን የሳቅነው በዚያ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት አውራጃው ላይ የነበረው ካድሬ ጓድ መርሻ ይባላል። ከሸዋ ወገን የመጣ ወጣት ነው። ክፉ ሰው ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሜዳው ዳር መጥቶ «እንዴት ዋልክ ጋሼ» የሚለኝ የመጀመሪያው አለቃ እሱ ነው። ስብሰባ ላይ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል እንጂ ወርዶ ሲመጣ ሰው ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠራኝና «የሕዝቡ ሞራል ወድቋል፤ ከደሴም እንግዶች ይመጣሉ። ገናን አዘጋጅ፤ እኔም እጫወታለሁ» አለኝ። ለታች ቤት ሊሰለፍ ነው።

አያ ይመር ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ክንዱን ጨበጥ አደረጉትና «ይሄ የብዕር ክንድ ነው፤ አብሽር፣ ይለምዳል» አሉት። እሱም ሳቀ። ጊዜ ስላልነበረ ለሌላ ሰው ተሠርታ የቀረች ዱላ ሰጡት።

የገና ዕለት ሜዳው ሞላ። የራበው ሰው ሳይቀር አጥሩ ጥግ ቁጭ ብሎ ያያል። እንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጓድ መርሻ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፤ ሮጠ፤ ላበ፤ ዱላውን ባነሣ ቁጥር ሩሯ በሥሩ አልፋ ትሄዳለች። አንዴማ ፊቱ ቆማለት ስቷት በራሱ ዞሮ ወደቀ። ላይ ቤት አሸነፈ። ሰዉ «አያ ይመር! አያ ይመር!» እያለ መሐል አስገባቸው።

አያ ይመር ስድብ ሲጀምሩ ከራሳቸው ነው የሚጀምሩት፤

ዱላውን ሳጎብጥ ዕድሜዬን ጨረስኩት፣
ወገቤን እንደሱ አጉብጬ አረፍኩት።

ቀጥለው ወደ መሪጌታ አድማሱ ዞሩ። መሪጌታ የደብሩ አገልጋይና የቅሬያችን ዳኛ ናቸው፤ ቅሬ የምንለው የመቀባበሪያ ማኅበራችንን ነው፤ እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነን። ቤታቸው በገበያው ወገን ነውና ለታች ቤት ሊጫወቱ ገብተው ጥምጣማቸው ወድቆባቸው ነበር፤

መሪጌታ ሮጡ ሩሩን ሊከተሉ፣
ጥምጣሙ ቀደመ ግብ ገባ በሙሉ።

«ይበሉኛ! ይገባኛል!» ብለው መሪጌታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ አያ ይመር ጓድ መርሻ ፊት ቆሙ። ሰዉ ተጠጋ፤

የለጋው ነፋስ ነው ሩሯ ቆማ ሳለች፣
እህል ይመጣል ባይ ስብሰባም እንዲህ ነች።

ጓድ መርሻ አያ ይመርን አያቸው፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ፈነዳ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ተነሥቶ አቀፋቸውና «ቆይ ግድ የለም አያ ይመር፤ በሚቀጥለው እለጋታለሁ!» አለ። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። አጥር ሥር የተቀመጡት ሳይቀሩ ሳቁ። ጠላውም ቀሪቦውም መጣ። እንግዶቹ ሳይስቁ ተነሥተው መሄዳቸውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ በሰዓቱ እኛ የምናየው ጓድ መርሻን ብቻ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ስብሰባ ተጠራ። አንድ የማላውቀው ሰው ተነሥቶ በዓልን ተገን አድርገው የሕዝቡን ሞራል ስለሚገድሉ የአድኃሪያን አፎች ተናገረ። ቀጥሎ በፈቃዳቸው ለሰፈራ ተመዝግበዋል ያላቸውን ሰዎች ስም ጠራ። የአያ ይመር ስም ተጠራ።

«እኔ?» አሉ ከመሐላችን። «እኔ መቼ ፈቀድኩ?» አጠገባቸው የነበረው ሰው ኩታቸውን ጎትቶ አስቀመጣቸው። ጓድ መርሻ መድረኩ ላይ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየንም።

ሰፈራ ማለት ወደ ምዕራቡ ቆላ ነው። ወባ እንዳለበት፣ ደገኛ ሰው እንደማይችለው እናውቃለን። አያ ይመር ሽማግሌ ናቸው። መኪኖቹ ከጥምቀት በኋላ ይመጣሉ ተባለ። የሚስታቸው የእትዬ ዘይነባ ዓይን ደክሟልና እሳቸውን አንወስድም ተብሏል።

መሪጌታ አድማሱ ድንጋይ ተሸክመው ጓድ መርሻ ቢሮ ገቡ፤ የሚለምን ሽማግሌ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የሚገባ። እኔም የቢሮው ሰው ነኝና በሩን ከፍቼ አብሬ ቆምኩ።

«ጓድ መርሻ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይመርን አፉ ይበሉልን» አሉ።

«መሪጌታ፣ ድንጋዩን ያውርዱት። ይሄ የፊውዳል ዘመን ነገር ነው።»

«አፉ ሳይሉን አይወርድም።»

«ወገብዎን ይሰብርዎታል እኮ!»

«ይሰበር። የይመርም ወገብ እየተሰበረ ነው።»

ጓድ መርሻ ከወንበሩ ተነሥቶ ድንጋዩን በራሱ እጅ ተቀበላቸውና መሬት አስቀመጠው። «እኔ ምን ላድርግ? ነገሩ ከእጄ ወጥቷል» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እጅዎ የሚመልሰው መላ አለን» አሉ መሪጌታ። «የተሰደበ ሰው መልስ ይገባዋል፤ ይሄም ወጋችን ነው። በጥምቀት ሰሞን ጨዋታው ይደገም። እርስዎ ሩሯን ለግተው ያግቡ፤ ይመርን ሰው ሁሉ እየሰማ ይስደቡት። ከዚያ 'ጨዋታ ነበር፣ እኔም መልሼ ሰድቤዋለሁ' ብለው ለበላይ ቢያስታውቁ ማን ምን ይልዎታል?»

ጓድ መርሻ በመስኮት ሜዳውን ሲያይ ቆየ። «ይደገም» አለ።

ላይ ቤቶች ሊሸነፉ በመሪጌታ ፊት ቃል ገቡ። የቀረው የእኛ ሥራ ነው፤ የእኔና የአያ ይመር። በሜዳው መጋዘን ውስጥ ተቀመጥን። በመጀመሪያ ዱላውን ሠሩ፤ ጓድ መርሻ ራሱ መጥቶ እንደገና ክንዱን አስጨበጣቸው። ከወይራ ሥር አካባቢ የተቆረጠ፣ በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት መረጡ። በትኩስ አመድ አሞቁት፤ በግንድ ባላ መሐል አስገብተው ትንሽ ትንሽ እያሉ አጠፉት፤ ሞራ አጠጡት። እንደዚያች ያለች ዱላ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

«አያ ይመር፣ ዱላውስ ይሁን። ሰውዬው ግን ገና ላይ አንዴም አልነካት። በምን ይለጋታል?» አልኳቸው።

«ክንዱ ደህና ነው። ሩሯ ናት የፈጠነችበት።»

«እንግዲያ ቀስ የምትል እንሥራለት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የማትሮጥ ሩር?»

«ትልቅ ትሁን፣ ቀላል ትሁን። ከዋንዛ ትሁን።»

«ዋንዛማ ሰነፍ ነው። ከዋንዛ ከሆነችማ እንኳን ጓድ መርሻ ጥላውም ይለጋታል» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «ዕድሜ ልኬን እንድትሮጥ ስሠራ ኖሬ!» አሉ። ግን መጥረቢያውን አነሡ፤ የዘይነባን ነገር እያሰቡ እንደነበር አውቃለሁ። ዋንዛው በመጥረቢያው ሥር እንደ ዳቦ ይቆረሳል። ከተለመደው ተለቅ አድርገው ጠረቧት። እኔ መልኳ ወይራ እንዲመስል ጥላሸት በሞራ ለውሼ ቀባኋት። ድንጋዩ ላይ አንከባለሏት፤ ቀጥ ብላ ሄደች። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሳይሉ ሰጡኝ።

በተባለው ቀን ሰዉ ከገና ዕለት በለጠ። ሁሉም ምን እንደተያዘ ያውቃል። ጓድ መርሻ አዲሷን ዱላ ይዞ ሲገባ አረማመዱ ራሱ ተለውጧል፤ ዱላዋ እጁ ላይ ተቀምጣለች። ሩሯን መሐል አስቀመጥኩና ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሰው ለጋት። የወይራ ሩር ስትመታ ቋ ትላለች፤ ገደል ማዶ ትሰማለች። ይቺ ዱፍ አለች፤ ትራስ የተመታ ይመስላል። ሜዳው ሙሉ ሰው ሰማ። በሕፃንነቱ ሩር ያልለጋ እዚያ የቆመ ሰው የለም፤ ድምፁን ሁሉም ያውቀዋል። ጫጫታው አንዴ ቀጥ አለ። እኔና አያ ይመር ተያየን። መልኳን አሰብን፣ ክብደቷን አሰብን፤ ድምፅ ሳይሰሙ እንጨት የማይነኩት ሰው የዚያችን ድምፅ ረሱ፤ እኔም ረሳሁ።

ላይ ቤቶች ቃላቸውን ጠበቁ፤ ከመጠን አልፈው ጠበቁ። ዱላቸውን እያነሡ ነፋስ ይመታሉ። ለጓድ መርሻ ለሙሽራ እንደሚለቀቅ መንገድ ተለቀቀለት። ሮጠ፤ ለጋት፤ አገኛት! ሩሯ ቀስ እያለች ተንከባለለች። ግቡ ላይ የቆመው የላይ ቤት ሰው እግሩን እንዳትነካው ዘለለላት። ገባች።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጓድ መርሻ ዱላውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ዞረ፤ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ያን ፊት አልረሳውም። ከዚያ የሰዎቹን ፊት አየ። አንድ በአንድ አየን። ሄዶ ሩሯን አነሣት፤ በእጁ መዘናት፤ በጥፍሩ ፋቅ አደረጋት። ጥላሸቱ ተነሥቶ ነጩ ዋንዛ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አያ ይመር ወደ መሐል ወጡ፤ ኩታቸውን አጣፉ፤ ጎንበስ አሉ። «ሩር ናት ጓድ። አግብተዋል። ይስደቡኝ፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ልጅ አደረጋችሁኝ» አለ።

«ጓድ መርሻ፣ ይስደቡት እንጂ!» ብለው ጮኹ መሪጌታ። «ግጥም ባይሆንም ግድ የለም! ጎባጣ ይበሉት! አንድ ቃል!»

አፉን ከፈተ። የምር ሊል የፈለገ መሰለኝ። ሜዳው ሙሉ ሰው አንገቱን አስግጎ አንዲት ስድብ ይጠብቃል። እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል ቆመው «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ አጠገባቸው ያለችውን ይጠይቃሉ። ምንም አላለም። ሩሯን መሬት ጣላት፤ ዱላዋን አጥሩ ላይ አስደግፎ ወጥቶ ሄደ።

መኪኖቹ በቀጠሮው መጡ። አያ ይመር በአንዲት ስልቻ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። እትዬ ዘይነባን ሰው ይዟቸዋል። መኪናው ላይ ሲወጡ ከታች ደገፍኳቸው። የሚሉኝን ስጠብቅ ጎንበስ ብለው «መረቡን ዝናብ ሳይመጣ አውርደው፤ ይበሰብሳል» አሉኝ። መኪናው ተነሣ።

እኔንም ብዙ ሳይቆዩ ወረኢሉ ወደ እህል መጋዘን በዘበኝነት አዛወሩኝ። ስላለፈው ማንም አልጠየቀኝ፤ ደብዳቤው ለሥራ ጥቅም ሲባል ይላል። እዚያ የሠራሁት ሥራ ቁልፍ መያዝ ነው፤ የሚተረክ ነገር የለውም። ወደ ሜዳዬ የተመለስኩት ከዓመታት በኋላ አለቆቹ ሁሉ ሲለወጡ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ እኔ ወረኢሉ ሳለሁ፣ ከሰፈራ ጠፍቶ በእግሩ የመጣ አንድ የአገራችን ሰው መርዶውን ይዞ ገባ። አያ ይመርን ወባ ገድሏቸዋል። ከመሞታቸው በፊት የዚያን አገር እንጨት እየቆረጡ ጉልበታቸው ላይ መታ መታ ሲያደርጉ ነበር የሚውሉት አለ፤ አንዱም አልጣማቸውም። ፈቃድ ጠይቄ ለለቅሶው መካነ ሰላም ሄድኩ። ቅሬው ተጠርቶ፣ አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ተቀመጥን። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ መሪጌታ አድማሱ ከእስላሙ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል።

ጓድ መርሻ ብቻውን መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆመ። ለቅሶ ነውና ማንም ሂድ አይለውም። መሪጌታ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት፤ ተቀመጠ።

«እትዬ ዘይነባ፣ እግዜር ያጽናዎ» አለ።

በድምፁ ለዩት። «መርሻ ነህ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ውኃ ስጡት፤ ከመንገድ ነው የመጣ።»

ውኃውን ተቀበለ፤ አልጠጣውም። «አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው የመጣሁ» አለ። «የገና ዕለት ከልቤ ነበር የሳቅሁት። ያልሳቁት ከደሴ የመጡት ናቸው። በማግሥቱ ጠርተው 'አንተም አብረህ ሳቅህ' አሉኝ። ወይ እሳቸው ወይ እኔ ነበርን። ማስመሰል አልነበረም፤ ከልቤ ነው።»

እትዬ ዘይነባ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «እሱማ ይመርም ነግሮኛል» አሉ። «ቤት ሲገባ 'ደግ ልጅ ነው፣ ከልቡ ሳቀ' አለኝና ተኛ። ምነው ያኔ በተቆጣህ ልጄ! ብትቆጣ እዚያው እግርህ ላይ ወድቆ አፉ በለኝ ይልህ ነበር፤ እኔም እወድቅልህ ነበር። ስቀህ አሳረፍከን።»

ጓድ መርሻ ጽዋውን መሬት አስቀመጠ። «እንግዲያ እርስዎ አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ የሚለው የተበደለው ነው። እሱ እኮ የለም።»

መቁጠሪያው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ጓድ መርሻ ተነሣ። ለቀስተኛ ሲነሣ አንድ ሰው አብሮት ተነሥቶ በር ድረስ ይሸኘዋል። ማንም አልተነቃነቀም። እኔ ተነሣሁና ሸኘሁት። ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ኮፍያውን እስኪያደርግ ጠብቄ ተመለስኩ።